ዳ እና ድ

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ጉሮሮውን ታሞብኝ ሶዶ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። መድኃኒቱን የምትሰጠው ልጅ ትንሿን የወረቀት ከረጢት እያጠፈች፣ «በቀን ሦስቴ ነው እናት። ሲሻለው እንዳታቋርጪ» አለችኝ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ሲሻለው እንዳታቋርጪ።»

«ላቁም ነው ወይስ አላቁም?»

«አታቁሚ። እስኪያልቅ ስጪው።»

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰውዬ ሳቀ። «እኛም እኮ በቃላችን ያዝነው» አለ። አፈርኩ፤ ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅሁም። «እዚህ ላይ ጻፊልኝ» አልኳት። ጻፈችልኝ። ከቃሉ መካከል አንዲት ፊደል ፈልጌ በጣቴ ነካኋት። ዳ ናት፤ ድ አይደለችም። ከረጢቱን ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጆቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኛል። እሳት መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ በር ቆልፌ ከመንገድ እመለሳለሁ፤ የሰው ቃል ሳላስደግም አላምንም። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ለመጻፍም ድፍረቱ የለኝም ነበር። አሁን ልጁ ተሽሎት ተኝቷል። እኔም ከዚህ ጠባይ ጋር የተዋወቅሁበትን ዓመት ልጻፈው ብያለሁ።

ቤታችን ከበዴሳ ወደ ዲምቱ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። እናቴን «አዬ» ነው የምንላት። ከእኔ በታች ገና ዳዴ የምትል ሕፃን እህት ነበረችኝ። እኔ ዘጠኝ ይሁን አሥር ዓመት በትክክል አላውቅም። ሦስተኛ ክፍል ነኝ። በትምህርት ቤት የምንማረው በወላይትኛ ሲሆን አማርኛ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበረን። የቀረውን አማርኛ የተማርኩት ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው። አባቱ በዴሳ ገበያ ዳር የከፈተውን ሱቅ ወርሶ ነበር፤ ወላይትኛውን ከእኛ አስበልጦ ይናገራል። እኔ ጨው ወይም ጋዝ ልገዛ ስላክ ግን ወላይትኛ እንደማያውቅ ሰው ይሆንብኛል።

«በአማርኛ ካልጠየቅሽኝ ሱቁ ዝግ ነው።»

«ጋሼ፣ ጨው ስጥልኝ።»

«ለማን ልስጥልሽ? ለግመል?»

«ስጠኝ።»

«አሁን ተከፈተ።»

በትክክል ከተናገርኩ ከረሜላ ይሰጠኛል። ብዙ ነገር ይጠይቀኛል፤ የገባኝንም ያልገባኝንም «አዎ» እላለሁ፤ ከረሜላው አይቀርም። አባቴ የእሱ አማርኛ ከገበያ ስለማያልፍ በእኔ ይኮራ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ «አንድ ነገር በአማርኛ በይላቸው» ይለኛል። እኔም ከመጽሐፌ በቃሌ የያዝኩትን እላለሁ። ማንም ስህተቴን አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከሩቅ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ደጃፋችን ላይ ቆማ «ዮዮ ጊፋታ! ዮዮ ጊፋታ!» ትላለች። ጊፋታ የእኛ ዘመን መለወጫ ነው፤ የሚመጣው በመስከረም ነው። እናቶች ቅቤ በማንኪያ በማንኪያ የሚያጠራቅሙት ለእርሱ ነው። እናቴ ያን ያጠራቀመችውን ቅቤ ከነማሰሮው አውጥታ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች አንድ በአንድ ትጠራና አናታቸውን ትቀባለች። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በግንባራችን ይወርዳል። ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ ሁለተኛ ለመቀባት ዞረው የሚሰለፉም ነበሩ።

«አዬ፣ ጊፋታ ደረሰ እንዴ?» አልኳት።

«ለሚጠብቀው ሰው ይዘገያል» አለችኝ። «እኔ ሄጄ አመጣሁት።»

አመንኳት። የእኔ እናት የፈለገችውን በዓል ከፈለገችበት ወር ይዛ መምጣት የምትችል ሴት መሰለችኝ። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ እድለኛ ልጅ አልነበረም። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ መቆፈሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆሞ ባዶውን ማሰሮ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ራስሽን ታጠቢ» ብቻ አለኝ። እኔ ስስት መሰለኝና ተቀየምኩት።

እናቴ ከዚያ ወዲያ አልተኛችም። ለከርሞ የተባለውን፣ ገና ያልደረሰውን እንሰት ቆርጣ ትፍቃለች። ቃጫውን ደጅ ላይ ትዘረጋለች፤ ይህን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። እሁድ ጸሎት ቤት ውስጥ ምስክርነት አለኝ ብላ ተነሳች። ስትጀምር ሰዉ ሁሉ «አሜን» አላት። ድምፅዋ እንዲያ ያምር ነበር። ጌታ ዳሞታን ተራራ በስሜ ጻፈልኝ አለች። «አሜን» አሉ፣ ጥቂቶች። ነገ ተራራውን ፈልጬ ለእያንዳንዳችሁ አካፍላለሁ አለች። «አሜን» ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዎች ዞረው ሲያዩኝ በደስታ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ቤት ገብታ የሰው ምድጃ አፈረሰች። ሊይዟት ሲመጡ አንዱን ሰው ነከሰችው። እጇን አሰሯት። ገመዱ ቃጫ ነው፤ ራሷ ፍቃ ያደረቀችው ቃጫ። አባቴ እያለቀሰ ነው ያጠበቀው። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር እጁን ገመዱ የቆረጠው መስሎኝ «ልንፋልህ?» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ወደቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ትተኛለች። ሕፃኗ እየዳኸች ሄዳ ጀርባዋን ትደበድባለች፤ አትዞርም። በጓዳ የተኛችውና ቅቤ የቀባችኝ ሴት አንድ መሆናቸው አልገባኝም። የእኔ እናት ጊፋታን ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄዳለች፤ ይህቺ የታመመች እንግዳ ናት ብዬ አስብ ነበር።

የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ወርቄ ልትረዳን መጣች። ታበስላለች፣ ሕፃኗን ታዝላለች፣ በልብሳችን ሳሙና ትጨርሳለች፣ አፏ ግን አያርፍም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ሰው ሚስት የሚያገባው ቤት እንድትጠብቅለት ነው» ትለዋለች። «አንተ ግን ሚስትህን ትጠብቃለህ። እርሻህን አረም በላው።»

«የታደለች እናት ናት» አለ አባቴ። ታደለች እኔ ነኝ።

«እናትነቷን ማን ወሰደባት? ወንድሞቿ ጋ ሄዳ ትረፍ ነው ያልኩት። ይህ በዘሯ ያለ እርግማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። እነሱው ይቻሉት። እኔም ቤት አለኝ፤ እስከ መቼ ነው እዚህ የምኖረው?»

«አንድ ጊዜ ሐኪም ይያት» አለ አባቴ። «ከዚያ በኋላ ከተመለሰባት እኔው ራሴ ወስጄ ለወንድሞቿ እሰጣታለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

የእናቴ ወንድሞች ከቦዲቲ ማዶ ነው የሚኖሩት። ለእኔ ያ ቦታ የዓለም መጨረሻ ነበር።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ደግሞ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይያት ብለው መከሩን። በገበያ ቀን በእህል ጫኝ ኢሱዙ ላይ ተሳፍረን ሶዶ ሄድን። አባቴ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወሰደኝ። «አማርኛው ያንቺ ነው» አለኝ። ቀሚሴን አጥቤ ለበስኩ። ለሠርግ የተጠራሁ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። እናቴን ያያት ከሰሜን አገር የመጣ ቀጭን ነርስ ነው፤ እኛ ዶክተር እንለው ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሲናገር ይፈጥናል። ስንት ቀን ሳትተኛ ቆየች? ትበላለች? እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። በመጨረሻ ወደ አባቴ እያየ፣ «ይህ ሕመም አንዳንዴ ሰውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ታች ይጥለዋል። እርግማን አይደለም። የእሷም ጥፋት አይደለም። ክኒኑን እስከወሰደች ድረስ ሕፃኗን አታጥባ» አለ።

«እርግማን» የሚለውን ቃል በአማርኛ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አክስቴ ያለችው በወላይትኛ ነውና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በምን ላውቅ? መጠየቅ አፈርኩና እሱንም ተከታዩንም ዘለልኩ። የቀረውን ነገርኳቸው። «ገባቸው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ፤ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እንደምለው።

እናቴ ክኒኑን ጀመረች፤ ሕፃኗም ጡት ተወች። የላም ወተት በኩባያ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። እናቴ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞረች፤ ተነስታ ተቀመጠች። ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ምላሷ ወፍሮ ቃል ይጎተትባታል፤ በአፏ ጥግ የሚወርደውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። አትዘፍንም። አባቴ «ተሻላት» ይላል፤ እኔ ምኗ እንደተሻለ አይታየኝም። የሚያሳምማት ክኒኑ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በሚያዝያ ሁለተኛ ተመልሰን ሄድን። ያን ቀን ከኋላችን የነበረው ወረፋ እስከ ደጅ ይደርሳል። ነርሱ እናቴን አነጋገራት፣ እጇን አየ፣ የሁለት ወር ክኒን በወረቀት ከረጢት አስሞልቶ በላዩ ላይ ጻፈበት። ለአባቴ ሰጠውና ወደ እኔ ዞሮ በፍጥነት፣ «በጣም ጥሩ ነው። ሲሻላት እንዳታቋርጡ፣ አደራ። ንገሪያቸው» አለኝ።

እናቴን አየኋት። አፏን እየጠረገች ነበር።

«ሲሻላት አቁሙ፣ አደራ ብሏል» አልኩ።

እናቴ ቀና አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗ ዓይኔን ያገኘው ያን ቀን ነው። «እንደዚያ አለ?» አለችኝ።

«አዎ አዬ።»

አባቴ ከረጢቱን በእጁ መዘነው። «ይህን ሁሉ ሰጥቶ አቁሙ አለ?»

«ሲሻላት ነው ያለው አባዬ። እኔ ሰምቻለሁ።»

እንዳታቋርጡ፤ እንድታቋርጡ። ጆሮዬ ነው ድ የሰማው ወይስ ልቤ ነው ድ የፈለገው? ይህን ስጠይቅ ነው ያረጀሁት። ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንበብም እችል ነበር። ግን ማንም አንብቢ አላለኝም። እኔም የሰማሁት በቅቶኝ ነበር። አባቴ ከረጢቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከመታወቂያው ጋር አስቀመጠው።

በግንቦት አጋማሽ አባቴ «እንግዲህ ተሽሏታል» ብሎ ክኒኑን አስቆመ። አክስቴም ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከልጅነቴ ሁሉ የሚያምሩት ነበሩ። እጇ መንቀጥቀጥ አቆመ። ምላሷ ተፈታ። አንድ ቀን ጎዳሬ እየላጠች በቀስታ ስትዘምር ሰማኋትና መጽሐፌን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባቴ ከአረሙ ሲመለስ ቆሞ ይሰማታል፣ ፈገግ ይላል። እናቴን የመለስኳት እኔ ነኝ፤ በአማርኛዬ። እንዲህ ነበር የማስበው።

በሰኔ አንድ ጠዋት ስነሳ እናቴ ከሁላችን ቀድማ የቤቱን ልብስ በሙሉ አጥባ በዝናብ ላይ አስጥታለች። ጠራችኝ። እጇን ውሃ ውስጥ ነከረችና አናቴን ቀባችኝ፤ ቅቤ የለማ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ እንደ ሚስጥር፣ «ዮዮ ጊፋታ» አለችኝ።

በየካቲት ያስደሰተኝ ቃል በሰኔ አስፈራኝ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ሴቶች አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት። ለአባቴ መንገር ነበረብኝ፤ ግን ለአክስቴ የገባውን ቃል አስታወስኩ። ብነግረው ወደ ቦዲቲ ማዶ ይወስዳታል። ሁለት ቀን ደበቅኩ። አባቴ «ዛሬ እናትሽ እንዴት ናት?» ሲለኝ «ደህና ናት» እላለሁ። ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ አልኩት።

በሦስተኛው ጠዋት እናቴም ሕፃኗም ቤት ውስጥ አልነበሩም።

ዝናቡ ሳያባራ ዋለ። አባቴ ከጎረቤቶች ጋር በሶዶ በኩል ፈለገ። እኔ አክስቴን ልጠራ በጭቃው ሮጥኩ። እሷ ይዛኝ በዴሳ ስንደርስ ጋሽ ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከዲምቱ የመጣ የእህል ነጋዴ፣ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ትዘምራለች፣ ሰው ከቧታል ብሎ ነግሮታል። አባቴ በእግሩ ወረደ። ተመልሰው የመጡት በማግስቱ ጠዋት በእህል መኪና ነው፤ እኛም እዚያው ሱቁ ውስጥ ስንጠብቅ አደርን።

እናቴ ከመኪናው ስትወርድ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ሆኖም ያገኘችውን ሁሉ እየሳቀች ሰላም ትላለች። እግሯ ደምቷል። አባቴ ሕፃኗን ከኮቱ ሥር አቅፏታል። አክስቴ ተቀብላ ጉንጯን በጉንጯ ነካችውና «ትቃጠላለች» አለች። ሕፃኗ አታለቅስም፤ ትንሽ ትንሽ ብቻ ታቃስታለች።

«እንግዲህ ቃልህን ታስታውሳለህ» አለች አክስቴ።

«አስታውሳለሁ።»

«ሕፃኗን ሐኪም አሳያት። እሷንም ወስደህ አሳያት፤ ሰው ነች። ስትመለሱ ልብሷን ጠቅልዬ እጠብቃለሁ።» ሕፃኗን መልሳ ሰጥታው በጭቃው እየተንሸራተተች ሄደች።

ወደ ሶዶ የሚሄድ መኪና እስኪመጣ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። ጋሽ ሸምሱ ለእናቴ ሻይ በሁለት እጁ ሰጣትና ወደ አባቴ ዞረ።

«ክኒን ነበራት አይደለም እንዴ?»

አባቴ ከኪሱ ከረጢቱን አወጣ። ገና ግማሹ ሙሉ ነው። ጋሽ ሸምሱ መነጽሩን አድርጎ በአማርኛ አነበበ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሲሻላት እንዳታቋርጡ።» ከዚያ በወላይትኛ መለሰለት። «ቢሻላትም አታቁሙ ይላል። ማነው ያስቆማችሁ?»

አባቴ መንገዱን አየ። እኔ የጨው ጆንያውን አየሁ። ጋሽ ሸምሱ ተራ በተራ አየንና ሁለተኛ አልጠየቀም። ከረሜላ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። አፌ ውስጥ ላስገባው አልቻልኩም።

ጥቂት ቆይቼ፣ «ጋሼ፣ እርግማን ምንድን ነው?» አልኩት።

በወላይትኛ ነገረኝ። አክስቴ ያለችው ቃል ራሱ ነው።

ሶዶ ስንደርስ ሕፃኗን በሌላ ክፍል ተቀብለው መርፌ ወጓት። ሳንባ ምች ነው፣ በጊዜ ደርሳችኋል አሉ። እኛ ወደ ቀጭኑ ነርስ ገባን። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና ክኒኖቹን አየ። ተቆጣ።

«ማነው አቁሙ ያላችሁ? በግልጽ ተናግሬ፣ ጽፌ ሰጥቼ! ሴትየዋ ብትሞት? ሕፃኗ ብትሞት? ጠይቂው፤ ማነው ያስቆመው?»

በራሴ ላይ የተጠየቀውን ጥያቄ ለአባቴ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አፌን ከፍቼ፣ «መቼ ነው ያቆመችው ነው የሚለው» አልኩ በወላይትኛ።

አባቴ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። ከዚያ እኔን ትቶ ራሱ በቀጥታ ወደ ነርሱ ዞረና በገበያ አማርኛው ተናገረ።

«እሱ ልጅ ነው» አለ። «እሱ ጥፋት የለም። እኔ ነው። ጥፋት የኔ።»

ነርሱ ወንድ ልጅ ፍለጋ ክፍሉን በዓይኑ ዞረ፤ በሩንም አየ። ከእኛ በቀር ማንም የለም። ከዚያ ገባውና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ከመቀመጫው ተነስቶ መጣና ከፊቴ ቁጢጥ አለ። በጣም በቀስታ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለየ፣ «እን ዳ ታ ቋ ር ጡ» አለኝ። «በይው።»

አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

ነገርኩት። ለአባቴም በወላይትኛ ነገርኩት። ትርጉሙን ስለማላውቅ የዘለልኩት ቃል እንደነበረም ለነርሱ ነገርኩት። «ዛሬስ ገባሽ?» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ» ከማለቴ በፊት አሰብኩ።

ሕፃኗ እስኪሻላት እዚያው ከርመን ቤት ስንደርስ አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእናቴ ልብስ በነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቧ ነው። እናቴ መድኃኒቱ አድክሟት ጥቅልሉን አየችና ከደጃፉ ራቅ ብላ ቆመች። እንድትሄድ የተፈረደባት መሆኑን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሁልጊዜም ታውቅ ነበር።

አባቴ ከመናገሩ በፊት ቀደምኩት።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው» አልኩ። «አታቁሙ ያለውን አቁሙ አልኳቸው። ሌላም አለ። ዶክተሩ መጀመሪያ ቀን እርግማን አይደለም ብሎ ነበር፤ የእሷም ጥፋት አይደለም ብሎ ነበር። ቃሉን ስላላወቅሁት ዘለልኩት።»

አክስቴ አባቴን አየችው። «እውነቷን ነው?»

«ቃሌ፣ ከተመለሰባት ነበር» አለ አባቴ። «አልተመለሰባትም። እኛ ነን የመለስንባት።»

አክስቴ ጥቅልሉን በመዳፏ ደባበሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ አንቺን ለየትኛው ወንድም ልስጥሽ?» አለችኝ።

አክስቴ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ልብሶቹን አንድ በአንድ እያራገፈች ወደ ጓዳ ማስገባት ጀመረች፤ እየገባችም፣ እየወጣችም ታጉረመርማለች። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ ወደ እርሷ ዳኸች።

ክኒኑን ጠዋትና ማታ የሚሰጥ፣ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። አክስቴ ቤት አላት፤ አባቴ እርሻ አለው። «እስከ ጊፋታ ብቻ» አለኝ አባቴ፣ ፊቴን ሳያይ። ደብተሬን እኔው ራሴ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ጊፋታ መጣ፣ አለፈም፤ ደብተሩ እዚያው ነው።

የዚያ ዓመት ጊፋታ በቤታችን ቅቤ አልነበረም። ጎረቤቶች ግን በየካቲት አናታቸው የተቀባ ልጆቻቸውን አስታውሰው ነው መሰለኝ፣ ማለዳ አንድ አንድ ማንኪያ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው እየላኩ ማሰሮው ከግማሽ አለፈ። ምድጃዋ የፈረሰባትም ሴት ልካለች። እናቴ በሚንቀጠቀጥ እጇ ሙቹዋውን፣ የጊፋታችንን የቆጮ ምግብ፣ በቅቤ አሸች። ዝግ ብላ ነበር የምትሠራው። እኔም ዝግ ማለቷን መጥላት ትቻለሁ።

ክኒን በምሰጣት ጊዜ ሁሉ ከረጢቱን አንብቢልኝ ትላለች። አነብላታለሁ። አንድ ቀን፣ «የተሳሳትሽባት የትኛዋ ናት?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከረጢቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ ብዙ አየቻት።

«ይቺ አንድ እግሯን ዘርግታ ያለችው?»

«አዎ። ዳ ትባላለች።»

«ታዲያ ይቺማ እየሄደች ነው» አለች። «አልቆመችም።»

ከዚያ ወዲያ ዳን የትም አታጣትም ነበር። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ታገኛታለች። በዴሳ ስንሄድ «ዳሞት ወይዴ ወረዳ» ከሚለው ታፔላ ሥር ቆማ ሁለቱን በጣቷ ትቆጥራቸዋለች። እሁድ ጸሎት ቤት ውስጥ የእኔን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ራሷ ትስብና መዝሙረ ዳዊት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። ሰዉ ሲዘምር ወደ ጆሮዬ ዘንበል ትላለች። በዚያ በከበደው ምላሷ፣ «አየሻት፣ አሁንም አልቆመችም» ትለኛለች።